የበር ላይ ማስክ

ተሳፋሪው እህቴን «ኮማንደር» ይላታል። ይህን ስም ያወጣላት ለምስጋና ብሎ አይደለም። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት። መቀመጫዋ ከኋላ በር አጠገብ ስለሆነ በእሷ ፊት ሳያልፍ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰው የለም። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿ ግን ቁመቷን አይመስልም። ሰካራም ሲሳደብ፣ ጎረምሳ ሲጋፋ፣ ኪስ አውላቂ እጁን ሲልክ ከወንበሯ ሳትነሳ «አንተ!» ካለች አውቶቡሱ ጸጥ ይላል፤ ምንም ጥፋት የሌለበት ሰው ሳይቀር የራሱን ኪስ ይዳብሳል።

እኔ ታናሿ ነኝ። «እትዬ» እያልኩ ነው ያደግኩት፣ ዛሬም እንደዚያው ነው የምጠራት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤቴም ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ስለ እሷ ረጋ ብዬ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ሰዉን ሁሉ ይቅር ያልኩ መስሎኝ እጀምርና መሀል ላይ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ እንደተናደድኩ ልጻፈው። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

ከባሏ ጋር የተዋወቁት በዚያው በር ላይ ነው። አናጢ ነው። አንድ ቀን በሥራ መውጫ ሰዓት የመስኮት ፍሬም ተሸክሞ መጣና ሊሳፈር ሲል፣ «እሱን ይዘህ አትገባም፣ የሰው ዓይን ታወጣለህ» አለችው። ሌላ ወንድ ቢሆን ይሟገታል፣ ቢያንስ ያጉረመርማል። እሱ «እውነትሽን ነው» ብሎ ወረደ። አውቶቡሱ ደርሶ ሲመለስ እዚያው ቆሟል። አሁንም ሰው ሞልቷል፣ አሁንም አልገባም። ሰዉ ሳስቶ አውቶቡሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ፍሬሙን ተደግፎ ጠበቀ። በመጨረሻ ሲሳፈር «ለምን በሌላ አውቶቡስ አልሄድክም?» ብትለው፣ «የሌላው ትኬት ቆራጭ ዝም ብሎ ያስገባኛል። ከዚያ የሰው ዓይን አወጣለሁ» አላት። ያን ዕለት እቤት ስትገባ «ዛሬ ሲነግሩት የሚሰማ ወንድ አየሁ» አለችን። እናታችን ከት ብላ ሳቀችና «ያዢው እንግዲያ፣ ሁለተኛ አታገኚም» አለቻት። ያዘችው።

ልጅ አልወለዱም። ባለ ሦስት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። በሩን፣ ቁም ሳጥኑን፣ አልጋውን፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሁሉ የሠራው እሱ ነው። የጎረቤቱም በር ሲጣመም፣ መሳቢያው ሲነክስ፣ የልጁ አልጋ እግር ሲሰበር የሚጠራው እሱ ነበር። «ጋሽ አናጢ!» ካሉት ጉርሻውን ሳይውጥ ይነሳል። እህቴ በዚህ ትቆጣ ነበር። «አንተን እኮ የግቢው ዕቃ አደረጉህ» ትለዋለች። እሱ «ዕቃ ከሆንኩስ ጥሩ ዕቃ ነኝ» ብሎ መዶሻውን ይዞ ይወርዳል።

ዕድሜውን ሙሉ መስኮት በሌለው ወርክሾፕ ውስጥ የእንጨት ብናኝና ቫርኒሽ ሲስብ ኖሮ ሳንባው አለቀ። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆምና ግድግዳውን ይነካካል፤ «ይሄ ቀለም መላላጥ ጀምሯል እንዴ?» ይላል። ቀለሙ ምንም አልሆነም፣ ትንፋሹ ነው ያጠረው። ወረርሽኙ ገባ በተባለ ሰሞን ሐኪሙ እህቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ይህን ሰው በሽታው ከያዘው እኔ ላድነው አልችልም። እንዳይዘው ማድረግ የምትችይው አንቺ ነሽ» አላት። እንግዲህ ቀን ቀን ከተማው በሙሉ የሚተነፍስበት አውቶቡስ በር ላይ ተቀምጣ፣ ማታ ወደዚያ ሳንባ የምትመለሰው እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴ ያላት ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፣ እሱን በሕይወት ማቆየት።

ጓዳውን ክፍል ለእሱ ለቀቀች፣ እሷ ሳሎን ሶፋው ላይ ገባች። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ደረጃው ላይ ትጥላለች፣ ልብሷን ባልዲ ውስጥ ትነክራለች፣ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች። ምግቡን በርጩማ ላይ አስቀምጣ በሩን ታንኳኳና ወደ ኋላ ትሸሻለች። «ሰው በፍርድ ቤት ይፋታል፣ እኛ በሐኪም ተፋታን» ይላል እሱ ከውስጥ። በሩን መሀል አድርገው፣ ወዲያና ወዲህ ወንበር አስጠግተው ያወራሉ። የአውቶቡሱን ጉድ ስትነግረው ይስቃል፣ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጣል፣ እሷ ሳሉ እስኪያቆም ጆሮዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች። ያዘዘችው ነገር ጥቂት ነው። «ሰው ቢጠራህ አትክፈት። የግድ ከሆነ ደግሞ ያለ ማስክ ከዚህ በር እንዳትወጣ።» እሱም «እሺ» አለ። እሱ እሺ ካለ እሺ ነው።

ሰዉስ? ሰዉማ «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተለት ይመስል ነበር። ማስክ አገጩ ላይ የሚያስር አለ፣ ጺሙ ጉንፋን እንዳይዘው ይመስል። አፉን ሸፍኖ አፍንጫውን ለአገር ለምድሩ የሚያሰጣ አለ። ሲያስነጥሰው ማስኩን ዝቅ አድርጎ፣ ካስነጠሰ በኋላ መልሶ ከፍ የሚያደርግ ሰው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ፖሊስ ሲያይ የሚሸፈን፣ ፖሊሱ ሲዞር የሚገለጥ፣ ፖሊሱ ራሱ ጓደኛውን ሲያገኝ የሚያወልቅ። ሁሉም ግን ስለ ሕጉ ሲጠየቅ «መጠንቀቅ ነው እንጂ!» ይላል፣ ራሱን እየነቀነቀ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ሕጉን መጣሳቸው ብቻ አይደለም፣ ያ ራስ መነቅነቅ ነው።

የአውቶቡሱ ጉድ የወጣው አንድ ጠዋት ነው። ያለ ማስክ ማንም እንዳይሳፈር ተብሎ ነበርና እህቴ በሩ ላይ ዓይኗን ተክላ ታሳልፋለች። አንዲት ልጅ ቢጫ አበባ ያለበት የጨርቅ ማስክ አድርጋ ገባች። ትንሽ ቆየት ብለው አንዲት እናት ገቡ፣ ቢጫ አበባ። ቀጥሎ ሲሚንቶ የነካው ሱሪ የለበሰ የቀን ሠራተኛ ገባ፣ ቢጫ አበባ። ከእሱ በኋላ ሪዙን የተንከባከበ፣ ሱሪው እንደ ቢላ የተተኮሰ ሰውዬ ያንኑ ቢጫ አበባ ሪዙ ላይ ዘርግቶ ከች አለ። እህቴ የልብስ ሰፊ እህት ናት፣ የጨርቅ ጠርዝ ታውቃለች። ማስኩ ጠርዙ ላይ በቀይ ክር ተጠግኗል። ወደ ውስጥ ዞር ብላ ስታይ፣ የተሳፈረው ሁሉ ወንበሩ ላይ እንደደረሰ ማስኩን አውልቆ በመስኮት ወደ ውጭ ያቀብላል። ማስኩ በበር ይገባል፣ በመስኮት ይወጣል።

«ያንተ ነው?» አለችው ሪዛሙን።

«ምኑ?»

«ያደረግከው።»

«አዎ፣ ምነው?»

«አበባው አምሮብሃል። ቅድም ያቺ ልጅ ላይ ነበር፣ ከዚያ እማማ ላይ፣ ከዚያ እዚህ ወንድሜ ላይ። እስትንፋስም በቅብብል ሆነ?»

ጥቂቶች ሳቁ። ሰውዬው ግን ደሙ ፈላ። «ምን አገባሽ? ማስክ አድርጉ ተባልን፣ አደረግን!»

«ያደረግከው የሰው ምራቅ ነው!»

«ብሞት የምሞተው እኔ! አንቺ ምንሽ ነኝ?»

«አንተማ ሂድና ሙት! እኔ ቤት ያለው ነው እንዳይሞት የምፈልገው!»

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ፣ እሷም ራሷ ደነገጠች። ያን ጊዜ እናትየዋ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አትቆጪ። እኔ የለኝም ብዬ ልመለስ ስል ልጅቷ አዝናልኝ ነው የሰጠችኝ» አሏት። እህቴ በኋላ ስትነግረኝ የከበዳት ይህ ነው። ክፋት ቢሆን መልስ ነበራት። ይህ ግን ደግነት ነው። ያለንን ተካፍለን መኖር ስለለመድን፣ በሽታውንም ተካፈልነው።

ሾፌሩ ወሬ የማይወድ፣ ዓመታት አብሯት የሠራ ሰው ነው። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «እሷ ሳትል አልንቀሳቀስም» አለ፣ ጋዜጣውን ዘረጋ። ጩኸት ሆነ። ሥራ ረፈደብን፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፣ ይህች ሴትዮ ማን ናት። ጥቂት ቆይቶ ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንዱ ከጃኬቱ ኪስ የራሱን ማስክ አወጣ። ሌላዋ ከቦርሳዋ፣ ከነላስቲኩ፣ ያልተፈታ። ሪዛሙ ሰውዬ ሳይቀር ከውስጥ ኪሱ እጥፍጥፍ ያለ ነጭ ማስክ መዘዘ። ነበራቸው! እንዳይቆሽሽባቸው ብለው ነው የሰው የሚዋሱት! የሌላቸው እማማ ብቻ ነበሩ፤ እህቴ ከቦርሳዋ አዲስ አውጥታ ሰጠቻቸው። 

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ከሰሳትና ተቆጣጣሪው ቢሮ ተጠራች። «መመሪያው የሚለው ማስክ ያላደረገ አይሳፈር ነው» አላት ሰውዬው ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ። «የራሱ ይሁን የሌላ፣ አይልም። አንቺ ከመመሪያው በላይ አትሂጂ።» እህቴ ቀኑን ሙሉ ያደረገችውን ማስክ ከፊቷ አወለቀችና፣ በጆሮ ማሰሪያው አንጠልጥላ ወደ አፉ ዘረጋችለት። «እንኩ ያድርጉት እንግዲያ። መመሪያው አይከለክልም።» ሰውዬው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ። ማታ ይህን ለባሏ ስትነግረው ከሳቁ ብዛት ለረጅም ጊዜ ሳለ፣ እሷም ባልነገርኩት ኖሮ አለች።

አሁን ወደ ሰብሳቢው ልምጣ። ስሙን ብጠራው ደስ ይለው ነበር፣ ስለዚህ አልጠራውም። የሕንፃው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ድምጽ ማጉያ መግዛት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ግቢው መሀል ቆሞ «ውድ ነዋሪዎች! ርቀታችንን እንጠብቅ!» ሲል የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል። እኔ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ቤት አልገባም፣ ከመስኮቷ በታች ግቢው ውስጥ ቆሜ ሽቅብ ነው የማወራት። አንድ ቀን እንዲህ ቆሜ ሳወራ ከኋላዬ መጥቶ በዚያ ማጉያ፣ «እህቴ! መሰብሰብ ክልክል ነው!» አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ከማን ጋር ነው የተሰበሰብኩት፣ ከጥላዬ ጋር?

ይህ ሰውዬ ነው ሴት ልጁን ሊድር በዚያው ግቢ ድንኳን የተከለው።

እህቴ ሰርጉ ከመድረሱ በፊት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ርቃ ቆማ፣ ከልቧ ለመነችው።

«ጋሼ፣ ልጅዎን እግዚአብሔር ይባርክልዎ። ግን ባለቤቴ ሳንባው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ቧንቧ... ትንሽ ቢያሳንሱት?»

«እህቴ፣ አታስቢ። ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ነው። በር ላይ ሰው አቁሜያለሁ፣ ያለ ማስክ ዝንብ አይገባም።»

«ውስጥ ከገቡ በኋላስ?»

«ውስጥማ ይበላል ይጠጣል፣ በማስክ ይበላል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን እስካሁን ስታስበው ጥርሷን ታፋጫለች። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ባሏ ሲታመም በበሩ ስር ሎሚ ያሾልክለት የነበረው ጎረቤት ሳይቀር፣ በሰርጉ ቀን ለባብሶ ወረደ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ሰብሳቢው ከጣሰው ማን ይቀራል?

ሰርጉ የዋለበት ቀን እህቴ ተረኛ ነበረች። ፈቃድ ጠይቃ ነበር፣ ተቆጣጣሪው ያችን ማስክ አልረሳምና ከለከላት። ቀጥሎ የምነግራችሁን እኔ አላየሁትም፤ ከእህቴም፣ እዚያ ከነበሩትም የሰማሁትን አገጣጥሜ ነው።

ድንኳኑ በር ላይ የሰብሳቢው የወንድም ልጆች ሁለት ሆነው ቆመዋል። ካሜራ የያዘው ሰው የእንግዶቹን አገባብ ይቀርጻል፤ ሰብሳቢው ኋላ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ «ሰርጉ እንኳ በሥርዓት ነው» እንዲል ይፈልጋል። ችግሩ ከእንግዳው አብዛኛው ማስክ ይዞ አልመጣም። ስለዚህ መላ አበጁ። አንድ ነጭ ማስክ ከድንኳኑ ገመድ ላይ አንጠለጠሉ። እንግዳው ሲመጣ ያደርገዋል፣ ካሜራው ፊት ያልፋል፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ያወልቀዋል፣ ከልጆቹ አንዱ ተቀብሎ ገመዱ ላይ ይመልሰዋል። ቀጣይ! ያን የአውቶቡሱን ጉድ ማንም አላስተማራቸውም፣ ከራሳቸው አእምሮ ያፈለቁት ነው።

ጭፈራው ሲደምቅ ሙሽሮቹ የተቀመጡበት መድረክ ተንገዳገደ። አንዱ እግሩ ከመገጣጠሚያው ወጥቷል። ሰብሳቢው እየሮጠ ከእህቴ መስኮት ስር መጣ።

«ጋሽ አናጢ! ኧረ ልዋረድ ነው፣ ድረስልኝ! ሙሽራዋ ልትወድቅ ነው!»

የእህቴ ባል በመስኮት ብቅ አለ። «ባለቤቴ እንዳትወጣ ብላኛለች።»

«አንድ ሚስማር ነው! እህቴ ራሷ መጥታ አይታዋለች እኮ፣ ሁሉ በሥርዓቱ ነው።»

አላየችውም። ለምና ነው የተመለሰችው። እሱ ግን የጠራውን ጎረቤት መልሶ አያውቅም፣ ደግሞ እህቴ አይታዋለች ተባለ። መዶሻውን ያዘ። ማስኩን ሲፈልግ እህቴ ጠዋት አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች፣ ገና አልደረቀም። በእጁ ጨምቆ፣ ተስፋ ቆርጦ መልሶ ሰቀለው። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ የወንድም ልጆቹ አስቆሙት።

«ጋሼ፣ ያለ ማስክ አይገባም። ሕግ ነው።»

«እውነታችሁን ነው። የእኔ አልደረቀም።»

«ችግር የለም፣ ይኸው እዚህ አለ።»

አመስግኖ ተቀበላቸው። አደረገው። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ገብቶም ያላወለቀው እሱ ብቻ ነበር። ከመድረኩ ስር በሆዱ ተኝቶ፣ የወጣውን የመድረክ እግር መልሶ እስኪያስገባና እስኪመታው ድረስ፣ ያችኑ ማስክ አፉና አፍንጫው ላይ አጥብቆ ይዞ ሠራ። ሕግ ከጣሱት ሰዎች መሀል ሕግ ያከበረው ሰውዬ፣ በማክበሩ ተያዘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

እህቴ ወደ ማምሻው ስትመለስ ድንኳኑ ገና ይጨፍራል። እጇን ታጠበች፣ ወንበሯን በሩ ላይ አስጠጋች።

«ዛሬ ወርጄ ነበር» አላት ከውስጥ። «እንዳትቆጪ ደግሞ። ማስክ አድርጌ ነው።»

«ማስክህ ገመድ ላይ ነው፣ አሁን ሳልፍ አየሁት።»

«በር ላይ የነበረውን ሰጡኝ።»

እህቴ ከወንበሯ ተነሳች። ከዚያ፣ «የማን ነበር?» አለችው።

«እኔ እንጃ። የሁሉም መሰለኝ።»

ወረደች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ድንኳኑ በር ላይ ሄዳ ቆመች። ማስኩ ገመዱ ላይ ነበር። በሁለት ጣቷ ያዘችው። «እርጥብ ነበር» ነው ያለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። ሰብሳቢውን አስጠርታ ፊቱ ላይ ብትዘረጋለት ግራና ቀኝ አየና፣ «እህቴ፣ ዛሬ ልጄን እየዳርኩ ነው። ነገ እንነጋገራለን» አላት። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም።

ሳምንት ሳይሞላ ባሏን ትኩሳቱ ያዘው። ከሰርገኞቹ ብዙዎቹ ሳሉ፣ ተኙ፣ ተነሱ፤ እንደ ጉንፋን አለፈላቸው። እሱን ግን ሐኪም ቤት ወስደው ኦክስጅን ላይ አደረጉት። እህቴን አላስገቧትም። ስልኩን አንዲት ነርስ ጆሮው ላይ ትይዝለት ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ሲያወሩ እኔም አጠገቧ ነበርኩ፣ ድምጹ ከፍ ተደርጎ ይሰማኛል። በየቃሉ መሀል እያረፈ፣ «አጠፋሁ እንዴ?» አላት።

«ምኑን አጠፋህ?»

«አንቺ... ያልሽኝን... ነው ያደረግኩት።»

«አዎ የእኔ ጌታ፣ ያልኩህን ነው ያደረግከው» አለችው። ያቺ አውቶቡስ የሚደነግጥላት ሴት ድምጿ ከጉሮሮዋ አልወጣም፣ እኔ ደግሜ ነገርኩት። በማግስቱ ሞተ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ገና ሬሳው ሳይወጣ ሰብሳቢው ግቢው መሀል ቆሞ በዚያ ድምጽ ማጉያ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል መሆኑን፣ ቀብር ላይ ከቅርብ ቤተሰብ ሌላ መገኘት እንደማይቻል ለውድ ነዋሪዎች አስታወሰ። ውድ ነዋሪዎችም ታዘዙ! እነዚያ በአንድ ማስክ ተሰልፈው የገቡት፣ እነዚያ እግራቸው እስኪያብጥ የጨፈሩት፣ በአንድ ጊዜ ሕግ አዋቂ ሆኑ። ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፉልናል። በሩን የሠራላቸው ሰው ሞቶ በሩን ከፍተው «አይዞሽ» ያላት የለም። አንዷ ብቻ በስልክ ደውላ፣ «መምጣት ፈልጌ ነበር፣ ግን ያው ሕጉ...» አለቻት። እህቴ «ይገባኛል» ብላ ዘጋች። እኔ ብሆን ምን እንደምላት አውቃለሁ።

አስከሬኑን የጫነው መኪና መቃብር ስፍራው በር ላይ አቆመ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ዳገት ነው፣ መኪና አያስገባም። የመኪናው ሾፌርና ረዳቱ ሳጥኑን አውርደው፣ «ከዚህ በኋላ የቤተሰብ ነው» ብለው ሄዱ። ቤተሰብ ማለት እኔና እሷ ነን። የአውቶቡሱ ሾፌር ማንም ሳይጠራው መጥቷል፤ ከሩቅ «ቤተሰብ ነኝ» ብሎ የበሩን ጠባቂ ዋሽቶ ገባ። መቃብር ቆፋሪው አካፋውን ትቶ ወረደልን። አራት ሆንን። ሳጥን ግን በአራት ሰው፣ ያውም ሁለቱ ሴቶች ሆነው፣ ዳገት አይወጣም።

ያን ጊዜ ቀና ስንል መንገዱን ተሻግረው፣ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። የሕንፃው ወንዶች። ጥቁር ለብሰው፣ አንዱ ከሌላው ሁለት ክንድ ርቆ፣ ሁሉም አፍና አፍንጫቸውን ጥርቅም አድርገው ሸፍነው። ያን ያህል ሕግ ያከበረ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ሰብሳቢው ከፊት ቆሟል።

እህቴ እስከ መንገዱ ጠርዝ ሄደች። «ጋሼ፣ ሰው አነሰን። ሁለት ሰው ብቻ ይላኩልኝ። ጓንት አለ፣ ንጹሕ ማስክም ይዣለሁ፣ ለየራሳቸው።»

«እህቴ፣ ልቤ ተሰብሯል» አለ ሰብሳቢው። «ግን ሕጉ ከቤተሰብ ሌላ አይፈቅድም። እኛ ካላከበርነው ማን ያከብረዋል?»

«መድረክዎ ስር ሲገባ ቤተሰብዎ ነበር?»

ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ያን ጊዜም እኮ» አለ፣ በሙሉ ልቡ፣ «ማስክ አድርጎ ነው የገባው።»

ድንጋይ ፈለግሁ። አልዋሽም፣ መሬቱን በዓይኔ ዳሰስኩ። እህቴ ግን ዞራ መጣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ከሳጥኑ ስር ገባች። እኛም ገባን። ሾፌሩና ቆፋሪው ከፊት ያዙ፣ እኔና እሷ ከኋላ። ዳገቱን ስንጀምር ክብደቱ በሙሉ ወደ ኋላ መጣ፤ ሳጥኑ አንድ ጊዜ ሸርተት አለ፣ ያዝነው፣ ቆምን፣ እንደገና ቀጠልን።

ከማዶ የሰብሳቢው ድምጽ ተከተለን። ሊረዳን ፈልጎ ነው። «ቀስ! ቀስ በሉ! በቀኝ በኩል ከኋላ ዝቅ ብሏል፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት!»

በቀኝ በኩል ከኋላ የተሸከመችው እህቴ ነበረች።